ጠያቂ የቀረበት ቤት፦ በወረርሽኝ ዘመን የቤት ውሎ በአዲስ አበባ

ቤት ተቀምጦ መሰንበት በኢትዮጵያ ደጋ አዲስ ነገር አይደለም። አራስ ወንድ ብትወልድ 40፣ ሴት ብትወልድ 80 ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትማ ከደጃፍ ብዙም አትርቅም። ሙሽሮች ጫጉላ ቤት ይሰነብታሉ። ሐዘንተኛ ቢያንስ እስከ ሠልስት ከቤቱ አይነቃነቅም። የሦስቱ ምክንያት ለየቅል ቢሆንም አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፤ ቤት የዋለው ሰው ወደ ውጭ ባይወጣም ውጭው ወደ እሱ ይመጣል። ለአራሷ ገንፎ የምታገነፋውና ቅቤ ይዛ የምትመጣው ጎረቤቷ ናት። ሙሽሮቹን ሚዜዎች ይከቧቸዋል። ሐዘን ቤት ምድጃ ሳይነድ የሚሰነብተውም ሰፈሩ በየተራ እዝን ይዞ ስለሚመጣ ነው።

የወረርሽኝ ጊዜ የቤት ውሎ ይህን ሥርዓት ከሥሩ ይገለብጠዋል። በሽታው ከጠያቂ ጋር የሚገባ በመሆኑ ወይ በሩ ለጠያቂ ይዘጋል፣ ወይ ጠያቂው ራሱ ታሞ ይቀራል። አዲስ አበባ ይህን ሁለት ጊዜ በሰፊው አይታዋለች፤ አንዱን በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ሌላውን ከ101 ዓመት በኋላ በ2012 ዓ.ም.።

ከዚያ በፊት የነበረው የታወቀ ዘዴ መሸሽ ነበር። ፈንጣጣ፣ ተስቦ ወይም ኮሌራ ሲገባ አቅም ያለው ሰው ወደ ዘመድ አገር፣ ወደ ጸበል ወይም ወደ ከፍታ ቦታ ይወጣል። በሰኔ 1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ቆራጣ ላይ በሰፈረው ሠራዊት መካከል ኮሌራ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሰፈሩን ነቅለው ወደ ቤጌምድር ደጋ ወጡ። ድንኳኑን አጣጥፎ፣ በቅሎውን ጭኖ ለሚጓዝ ሠራዊት ይህ አያስቸግርም። የዘራው እርሻና የሚጠብቀው ከብት ያለው ገበሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነቀልም። እሱን የሚያድነው ጎተራው ነው። እህሉ ከጎተራ፣ በርበሬውና ሽሮው ከእንስራ፣ ቋንጣው ከጣሪያ ሥር፣ እንጨቱ ከጓሮ አለ። እንዲህ ያለ ቤት ገበያ ሳይወጣ ወራት ሊገፋ ይችላል። የገጠሩን ሰው አራርቆ ያኖረው የአሰፋፈሩ ልማድም በዚህ ጊዜ ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም።

ተራ የከተማ ቤት ጎተራ የለውም። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ሠላሳ ዓመት ገደማ ያለፋት፣ በመኳንንት ግቢዎች ዙሪያ የተኮለኮሉ ጎጆዎች ከተማ ነበረች። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን የባሕር በር መንገድ ባቡሩ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጥሮታል። በዚያ ዓመት ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በክረምቱ ማብቂያ ቀለል ብሎ ከታየ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር በረታ፤ ሕዝቡም ስሙን ከወሩ ወስዶ የኅዳር በሽታ አለው። በአውሮፓ የጦርነቱ ተኩስ የቆመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው፤ ያ ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ ሰሚው አልጋ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ከቤት አትውጡ የሚል አዋጅ ሳያስፈልግ ከተማዋ ቤቷ ዋለች። ሱቆች ተዘጉ፤ የመንግሥት ሥራ ቆመ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ክፉኛ ታመው ነበር፤ መዳናቸውንና በከተማዋ ከ10,000 ሰው በላይ ማለቁን ከብዙ ዓመት በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቢበዙም ለዚህ በሽታ የሚሰጡት ፈውስ አልነበራቸውም፤ በለንደንም በኒው ዮርክም የነበረው ሁኔታ ከዚህ አይለይም። የታመመ ሰው የሚድነው በአብዛኛው ውሃ የሚያቀብለው፣ ሙቅ የሚያጠጣውና የሚያለብሰው ሰው ካገኘ ነው። የአዲስ አበባ ጭንቅም ከዚሁ ላይ ይጀምራል።

መጀመሪያ ውሃውን ማየት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ያስገቡት የቧንቧ ውሃ ዋና ተጠቃሚው ቤተ መንግሥቱ ነበር። የቀረው ከተሜ ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ ያስቀዳል። እንስራ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው ደግሞ የቤቱ ሴት ልጅ ወይም አገልጋይ ናት። እሷ ስትወድቅ ቤቱ ውሃ ያጣል፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ ከምግብ በፊት የሚፈልገው ውሃ ነው። በደኅናው ቀን አንዲት ጎረቤት ለሁለት ቤት ትቀዳለች። ጎረቤቷም ከወደቀች ወንዙ በቅርብ እየፈሰሰ ሰው በጥም ይቃጠላል።

ቀጥሎ ወፍጮ አለ። የጤፍ ቁና ቤት ውስጥ መኖሩ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። እህሉ ይበጠራል፣ ይነፋል፣ ከዚያ አንዲት ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ደረቷን ወደፊት እየጣለች በድንጋይ ላይ ትፈጨዋለች። ሥራው የሚጀመረው ዶሮ ሲጮህ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የዕለት ዱቄት ሰዓታት ይፈጃል። ከዚያ ማቡካት፣ ሁለት ሦስት ቀን ማስቦካት፣ ምጣድ ማስማት፣ መጋገር ይከተላል። ሳንባው የተመታ ሰው ከዚህ ሰንሰለት አንዱንም ሊሠራ አይችልም። ወፍጮ የማይፈልጉት ቆሎና ንፍሮ ናቸው፤ እነሱም እሳት ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ ኅዳር ክፉ ወር ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ተሟጦ አዲሱ ገና ከአውድማ አልገባም። ስለዚህ የኅዳር በሽታ የገደለው በትኩሳቱ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ቤቱ በማን ጉልበት ይንቀሳቀስ እንደነበር ማንም ሳያስበው ኖሮ፣ ያ ጉልበት ሲወድቅ በአንድ ጊዜ ተገለጠ። ትልልቆቹ ግቢዎችም ከዚህ አላመለጡም፤ ጎተራ ሙሉ እህል የነበራቸው ጌቶች የሚፈጭላቸው አልነበረም።

ቀባሪም ጠፋ። በደኅና ጊዜ አንድ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል፤ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ግን ጉድጓድ የሚቆፍር ጤነኛ ማግኘት ከባድ ሆኖ ብዙ አስከሬን በአንድ ጉድጓድ ይቀበር ነበር፤ በወጉ ያልተቀበረውን ጅብ ያወጣው ነበር። ዛሬ ድንኳንና ወንበር ይዞ ከተፍ የሚለው እድር በከተማዋ በሰፊው የተስፋፋው ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለቅሶ የማይደረስበት፣ እዝን የማይመጣበት ሐዘን ለዚያ ትውልድ ከሞቱ የማይተናነስ መዓት ሆኖ መታየቱ አያስገርምም።

መድኃኒቱ ከጓሮ ነበር። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ ለምች፣ ለጉንፋንና ለትኩሳት ከጥንት የታወቁ ናቸው። አዲሱ ነገር ባሕር ዛፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለማገዶ ያስመጡት ዛፍ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከቧት ነበር፤ ቅጠሉን አፍልቶ በጋቢ ተሸፋፍኖ እንፋሎቱን መታጠን፣ ወይም ቅጠሉን አጭሶ ቤቱን ማጠን የከተሜ ሕክምና ሆነ። እንፋሎቱ አፍንጫ ይከፍታል፤ በሽታውን ግን አያቆምም።

በጤነኛ ቤት ሰው ሲቀመጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የዘመኑን የእጅ ሥራ ማየት ይበቃል። ሴት ልጅ ባዶ እጇን አትቀመጥም ነበር፤ ጨዋታም ቢሆን እንዝርት ይዛ ነው። ጥጥ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶው ይፈተላል፤ ልቃቂቱ ሲሞላ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ስፌት ሌላው ነው፤ አክርማና ሰንደዶ ተነክሮ፣ በወስፌ እየተበሳ፣ ከመሶብ እስከ ሙዳይ ይሰፋል፤ አንድ ጥሩ መሶብ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን በበዓላት የታጠረ ነው። በሰንበትና በታቦት ቀን መፍተልም መፍጨትም አይደረግም፤ በወር ውስጥ የሚከበሩት ቀናት ብዙ ስለሆኑ ቤት የዋለች ሴት የሥራዋን ቀን የምትቆጥረው በእነሱ ነው። ፊደል የቆጠረ ወንድ ዳዊት ይደግማል፤ መዝሙሩ በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ በመሆኑ ያለ ቀን መቁጠሪያም ሰኞ ይሁን ዓርብ ከሚደገመው ይታወቃል።

ጨዋታዎቹም የራሳቸው ማዕረግ ነበራቸው። ገበጣ የማንም ነው፤ ገበታው ከተጠረበ እንጨት ቢሆን፣ ጉድጓዶቹ መሬት ላይ ቢቆፈሩ፣ ጠጠሩ የዛፍ ፍሬ ቢሆን ያው ነው። ሰንጠረዥ ግን የመኳንንት ነበር። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው በአጀማመሩ ነው፤ ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እኩል እየተሻሙ ያሰልፋሉ። ዙሪያውን የተቀመጠው ተመልካችም ዝም አይልም፤ ያማክራል፣ ይሟገታል፣ ያሾፋል። ስለዚህ የአዳራሹ ሰንጠረዥም የመንደሩ ገበጣም ያለ ሰው አይጥምም። የልጆቹ እንቆቅልሽና ተረትም ማታ እሳት ዳር፣ ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው ከጤናው ጋር ሲኖር የሚሆን ነው። ብቻውን ለሚቀመጥ ሰው የተሠራ መዝናኛ ቢፈለግ ከበገና በቀር እምብዛም አይገኝም።

የኅዳር በሽታ ትቶት ያለፈው ልማድ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ይታያል። በዚያ ቀን የከተማዋ ሰው ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ደጃፉ ላይ ከምሮ ያቃጥላል፤ ቀኑም ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ልማዱን አሮን ጥና ይዞ በሙታንና በሕያዋን መካከል ቆመ ከሚለው የኦሪት ዘኁልቁ ታሪክ ጋር የሚያያይዙት አሉ። በአዲስ አበባ ሰው ዘንድ ግን ይበልጡን የሚነገረው የ1911 ዓ.ም. መታሰቢያነቱ ነው። ቅጠልና ገለባ ይነድበት በነበረው እሳት ዛሬ ፕላስቲክና ጎማ ሲገባበት ጭሱ ከጥቅሙ ጉዳቱ አመዘነ፤ የከተማዋ ባለሥልጣናትም ጥረጉ እንጂ አታቃጥሉ እያሉ መምከር ከጀመሩ ሰንብተዋል። ልማዱ ግን በቀላሉ የሚለቅ አይመስልም፤ ለብዙ ቤት በዓመት አንዴ ጓዳው እስከ ጥግ የሚጸዳበት ቀን እሱ ነው።

ሁለተኛው ወረርሽኝ፣ ኮሮና፣ በአዲስ አበባ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ቀጥሎ የምሽት ክበቦች ተዘጉ፤ አብዛኛው የፌደራል ሠራተኛ ከቤቱ እንዲሠራ ተደረገ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሙሉ በሙሉ ከቤት አለመውጣት ግን አልታወጀም። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ሮጦ ለሚያገኝ ከተሜ በር መዝጋት ረኀብ መጥራት ስለሆነ፣ መንግሥት «ቤት ይቆዩ» እያለ ከመምከር ብዙም ሊያልፍ አልቻለም። በ1911 ዓ.ም. ጎተራ ያልነበረው የከተማ ቤት በ2012ም አልነበረውም።

የመጀመሪያው ሳምንት የገበያ ሳምንት ነበር። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በአንድ ሌሊት ተወደዱ፤ ፌጦና ጤና አዳም ተፈላጊ ሆኑ። አያቶች የሚያውቁት ጓዳ ተመልሶ መጣ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሻጮችም ደኅና ገበያ አገኙ። ዋጋ የሰቀሉ ሱቆች ታሸጉ። በየበሩ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ወይም በርሜል ቆመ፤ ሳሙናው በገመድ ይንጠለጠላል ወይም በተቆረጠ የሃይላንድ ላስቲክ ይቀመጣል። እጅ መታጠብ ግን ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ተራው ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ያለው ዕቃ ሁሉ ይሞላል። ቀኑን የሚወስነውም ይህ ውሃ መቅዳት ነው። ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነዋሪ ደግሞ ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የጋራ በመሆኑ፣ ቤት መቆየት ለእሱ ግቢ ውስጥ መቆየት ነበር። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው በረንዳው ላይ ይወጣል፤ በደረጃው ሲወርድ ግን ከጎረቤቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይተላለፋል።

በዚህ ወቅት በጣም የተጎዳው ቡና ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ በአንድ ቤተሰብ ብቻ ሲጠጡ የሚያወጡት ወሬ የለም። «ቡና ጠጡ» ብሎ ልጅ መላክ ቀረ፤ ወይም በአጥር ላይ በሚያልፍ አንድ ስኒ ተተካ። መሳሳምና መጨባበጥ በክርን፣ በእግር ጫፍ፣ ብዙ ጊዜም እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ በማለት ተለወጡ፤ ይህ የመጨረሻው ለአበሻ ባህል እንግዳ ባለመሆኑ ቶሎ ተለመደ። ሰርግ የሚበዛባቸው የሚያዝያና የግንቦት ቅዳሜና እሑዶች ያለ ድንኳን አለፉ። ለቅሶ ቤትም ድንኳን ቀረ፤ እድሩ ገንዘቡን ለሟች ቤተሰብ ያስረክብና ወንበሮቹ ዕቃ ቤት ውስጥ ተደርድረው ይቀራሉ።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። የስቅለት ስግደትና የትንሣኤ ቅዳሴ በቴሌቪዥን ተላለፉ፤ ምእመናን በየሳሎናቸው ሰገዱ። ሁሉም ግን አልጸናም፤ የተዘጋ የቤተ ክርስቲያን አጥር ተደግፈው፣ መንገድ ዳር ተራርቀው የሚጸልዩ ነበሩ። ረመዳን ሲገባም መስጊዶች ተዘግተው ስለነበር ተራዊህ ቤት ውስጥ ተሰገደ፣ ኢፍጣርም በቤተሰብ ብቻ ሆነ። የወቅቱ የማዕድ ማጋራት ዘመቻ ለሁለቱም በዓላት ደረሰ፤ ዱቄትና ዘይት አቅም ካለው ወደ ሌለው ቤት እንዲሄድ ይቀሰቅስ ነበር።

ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ዋለ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጠ፤ የግል ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። ሦስት ልጅ ባለበት ቤት አንድ ስልክ ካለ፣ እሱም የአባት ከሆነና አባት ማታ ከገባ፣ ትምህርቱ የሚጀመረው ከእራት በኋላ ነው። ቀኑን ልጆቹ ሰፈር ውስጥ ያሳልፉታል፤ ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይ፣ ገመድ ዝላይ፣ መኪና በቀነሰበት አስፋልት ላይ እግር ኳስ። ትልልቆቹ ካርታና ዳማ ይዘው በየጥጋቱ ተቀመጡ። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በመጋቢት መጀመሪያ ስለተቋረጠ ዲኤስቲቪ ቤቶች ገና ሳይዘጉ ጭር ብለው ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ በአማርኛ የተመለሱ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎች ከጠዋት እስከ ማታ ይታዩ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የማይቀር ሰዓት ነበር፤ የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በዕለቱ የተመረመሩና የተያዙ ሰዎችን ቁጥር የሚያሳውቁበት። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ በጣት የሚቆጠር ስለነበር እያንዳንዱ ታማሚ ዕድሜውና የጉዞ ታሪኩ ይነገርለት ነበር፤ ሰኔ ላይ ቁጥሩ ሲበዛ ዝርዝሩም ቀረ፣ የሚጠብቀውም ሰው ሳሳ።

ቤት መዋሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት አልነበረም። ጌቶቹ ቤት ሲውሉ የቤት ሠራተኛዋ ሥራ ይጨምራል፤ ሦስት ጊዜ ምግብ፣ ቀን ሙሉ የሚቆሽሽ ቤት፣ በክሎሪን የሚወለወል እጀታ። የእሷ ቤት ሌላ ሰው ቤት ስለሆነ እሑድ ወጥቶ ዘመድ መጠየቅ እንኳ ቀረባት። በቤሩት የነበሩ ኢትዮጵያውያት የባሰ ገጠማቸው፤ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎቻቸው ደመወዝ ሳይከፍሉ ከቆንስላው ደጃፍ የጣሏቸው ብዙ ነበሩ። ከውጭ የሚገቡትም በሁለት ተከፈሉ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ ሆቴል ውስጥ 14 ቀን እንዲቆይ ተወሰነ። ከሳዑዲ ዓረቢያ በሺዎች እየተጫኑ የተመለሱት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎችና በትምህርት ቤቶች ገቡ። የሆቴሉ ሰው በመስኮት ቦሌን ያያል፤ የማደሪያዋ ሴት ዓመታት ለፍታ ይዛው የመጣችው ሻንጣ ሥር ተቀምጣ፣ ቤተሰቦቿ ከግቢው አጥር ውጭ ቆመው በስልክ ያናግሯታል።

የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ በጳጉሜን 2012 ዓ.ም. አበቃ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየተራ ተከፈቱ፤ ክፍሉ ተከፍሎ ልጆች በፈረቃ ገቡ፣ መምህሩም በጭምብል አስተማረ። ጠያቂው ግን ከአዋጁም ከትምህርት ቤቱም ቀድሞ ተመልሷል። ክረምቱ ሳይወጣ የቡናው ጥሪ ጀምሯል፤ ድንኳኑም መጀመሪያ በትንሹ፣ በኋላ እንደ ድሮው ተተከለ። ቀብር ላይ መድረስ ያልቻሉ ዘመዶች፣ ሟቹ ከሞተ ወራት ካለፉም በኋላ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቀረባቸውን ለቅሶ በየቤቱ እየዞሩ ደረሱ።